አራት ትሬድ ይበቃል

ጥቁሩ መስኮት ላይ አንድ ቃል ብቻ ወጣ፦ «ኪልድ»። የትኛው መስመር ላይ እንደተሰናከለ አይናገርም፤ ጥፋቱ የማን እንደሆነም አይናገርም። የላፕቶፑ 8 ጊጋባይት ራም አልቆ፣ ሊኑክስ ማሽኑን ለማትረፍ ሲል ብዙ ሚሞሪ የያዘውን ፕሮግራም መርጦ ገድሎታል። የተገደለው ደግሞ ስሕተት ፍለጋ የተላከው ቴስት ራሱ ነው።

እንፍራንዝ ከባሕር ዳር በስተምዕራብ፣ ወደ ዘጌ በሚወስደው አቅጣጫ ነው። ወንዙ ከምንጮቹ ተነሥቶ፣ ደንገል የበቀለበትን ረግረግ አቋርጦ ጣና ይገባል፤ ባሕር ዳር ከተማም የመጠጥ ውኃውን ከእነዚያ ምንጮች ሲቀዳ ኖሯል። ላፕቶፑ ያለው እዚህ፣ አንዲት ወጣት ፕሮግራመር ከወላጆቿ ቤት ጓዳ ለሥራ ባበጀቻት ጠባብ ክፍል ነው። ፕሮግራመሯ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እገዛ በፖሊቴክኒክነት ከተከፈተው፣ ዛሬም የባሕር ዳር ሰው «ፖሊ» ብሎ ከሚጠራው ግቢ የኮምፒውቲንግ ትምህርቷን ጨርሳ ወጥታለች። የምትጽፈው ፕሮግራም የክፍያ መልእክቶችን ተቀብሎ፣ አሰልፎ፣ ወደየባለቤታቸው የሚያደርስ ነው።

«ጋሼ፣ ይኸው ነው፤ ሁሌም እዚህ ሲደርስ ይሞታል» አለችኝ።

«ስንት ትሬድ ነው የምትከፍቺው?»

«ሺህ።»

«ለምን ሺህ ሆነ?»

ትንሽ አሰበች። «ስትረስ ቴስት አይደል? መጨናነቅ አለበት ብዬ ነዋ።»

ይህ መልስ የእሷ ብቻ አይደለም። ብዙ ትሬድ በአንድ ጊዜ የሚያሠራ ፕሮግራም የጻፈ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል አንድ ወቅት ላይ እንዲህ ብሎ አስቧል። ሰው በበዛ ቁጥር ግጭቱ ይበዛል፤ ግጭቱ በበዛ ቁጥር ስሕተቱ ይጋለጣል የሚል ስሌት ነው። ስሌቱ ለጆሮ ይጥማል። ቴስቱ በሚሞሪ መመርመሪያ መሣሪያ ሥር ሲሮጥ ግን አይሠራም፤ እንዲያውም የሚፈለገውን ስሕተት ይሸፍናል። ለምን እንደሚሸፍን በደንብ ማየት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም አንድ ሰው ባለ 8 ጊጋባይት ላፕቶፕ ይዞ፣ መብራት እስኪመጣ በባትሪ እየሠራ፣ የሰው ገንዘብ የሚያልፍበትን ሶፍትዌር በአግባቡ መፈተሽ መቻሉ የሚወሰነው በዚህ ነው።

ትሬድ ማለት በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ራሱን ችሎ የሚሮጥ የሥራ መስመር ነው። ሁለት ትሬዶች አንድ ሚሞሪ ይጋራሉ። አንዱ የጻፈውን ሌላው ያነባል፤ አንዱ የለቀቀውን ሌላው ሊነካው ይችላል። ጥቅሙም ጣጣውም ከዚህ መጋራት ይመጣል።

ሒሳቡ ውስጥ 1000 ብር አለ እንበል። በአንድ ቅጽበት ሁለት ጥያቄዎች ይመጣሉ፤ ሁለቱም 800 ብር ይፈልጋሉ። የመጀመሪያው ትሬድ ቀሪውን ያነባል፦ 1000፣ ይበቃል። ሊቀንስ ሲል ሁለተኛው ይገባና እሱም ያነባል፦ 1000፣ ይበቃል። ሁለቱም ይከፍላሉ፤ ሁለቱም ቀሪውን 200 ብለው ይጽፋሉ። ከ1000 ብር 1600 ወጣ፤ መዝገቡ ግን 200 ቀረ ይላል። ኮዱን መስመር በመስመር ብታነቡት ጉድለት አይታይበትም። ማንበብና መቀነስ የማይነጣጠሉ ሆነው በሎክ (አንዱ ትሬድ ሳይጨርስ ሌላው እንዳይገባ በሚያግድ ቁልፍ) ስላልታሰሩ፣ ጥፋቱ ያለው በሁለቱ መካከል በቀረው ክፍተት ነው። ክፍተቱ የሚቆየው ከሴኮንድ ሚሊዮንኛ ላነሰ ጊዜ ሊሆን ይችላል። ፕሮግራመሮች ሬስ ኮንዲሽን የሚሉት ይህን ነው።

አንድ የቀሪ ሒሳብ ቁጥጥር ሳይሠራ ሲቀር ምን እንደሚከተል ኢትዮጵያ ውስጥ ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም። ከዓርብ መጋቢት 6 ለቅዳሜ መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች በሒሳባቸው ካለው በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ችለው ነበር። ወሬው በስልክ ከተማሪ ወደ ተማሪ ሮጠ፤ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ያሉ ኤቲኤሞች ፊት ሰልፍ ተሠራ። በዚያ ቅዳሜ ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ የገንዘብ እንቅስቃሴ መደረጉን ባንኩ ገልጿል። የባንኩ ፕሬዚዳንት አቤ ሳኖ ነገሩ የሳይበር ጥቃት አለመሆኑን ተናግረዋል፤ ምክንያቱም ከሲስተም ማሻሻያና ፍተሻ ሥራ ጋር ተያይዞ ተነግሯል። ያ ሌሊት ሬስ ኮንዲሽን ነበር ማለቴ አይደለም። ከዚያ በኋላ ግን በአዲስ አበባም በባሕር ዳርም የክፍያ ሶፍትዌር የሚጽፉ ወጣቶች «የኛ ቁጥጥር በሁሉም ሁኔታ ይሠራል ወይ?» ብለው መጠየቅ ጀምረዋል፤ ስትረስ ቴስት የሚል ቃልም በየቢሮው ተደጋግሞ ይሰማል። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ወዲህ በአሥር ሚሊዮኖች ወደሚቆጠር ሕዝብ ስልክ ገብቷል። ከበስተኋላው ሆነው መልእክት የሚያቀብሉ ትንንሽ ፕሮግራሞችም በዚያው ልክ ተራብተዋል።

እንዲህ ያለ ስሕተት ምን ያህል ተደብቆ መኖር እንደሚችል የሚያሳየው የሰሜን አሜሪካው የመብራት መጥፋት ነው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 14 ቀን 2003 በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካና በካናዳ ወደ 50 ሚሊዮን ሕዝብ በጨለማ ተዋጠ። ከምክንያቶቹ አንዱ በኦሃዮ የአንድ ኃይል አከፋፋይ ኩባንያ መቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ የነበረው የማስጠንቀቂያ ሶፍትዌር ነው፤ ጀነራል ኤሌክትሪክ የሠራው ኤክስ ኤ 21 የተባለው ሥርዓት። ሁለት ሥራዎች አንድ የመረጃ ቦታ በአንድ ጊዜ ለመጻፍ ተገናኙና የማስጠንቀቂያው ክፍል መውጫ በሌለው ዙር ውስጥ ተቀረቀረ። ኦፕሬተሮቹ ማስጠንቀቂያ እንደቆመባቸው እንኳ ከአንድ ሰዓት በላይ አላወቁም። ሶፍትዌሩ ከዚያ በፊት በየቦታው ተደምሮ ከ3 ሚሊዮን ሰዓት በላይ ሠርቶ ነበር፤ ያ ስሕተት ግን ታይቶ አያውቅም።

መሐንዲሶቹ በመጨረሻ ያገኙት በሳምንታት ፍለጋ ነው። መንገዳቸው ሥርዓቱን ሆን ብሎ ማዘግየት ነበር። በኮዱ መካከል የመጠበቂያ ጊዜ እያስገቡ፣ የማስጠንቀቂያ መልእክት እየላኩ፣ ሁለቱ ሥራዎች የሚገናኙበትን ቅጽበት አስፍተው አዩት። እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። ክፍተቱን የገለጠው የሥራዎቹን ቅደም ተከተል መለዋወጡ ነው፤ ተጨማሪ ሕዝብ ማፍሰስ አላስፈለገም።

የሚሞሪ መመርመሪያ መሣሪያዎች ከዚህ ጋር የሚገናኙት እንዲህ ነው። በሲ ወይም በሲ ፕላስ ፕላስ በተጻፈ ፕሮግራም አንድ ትሬድ የለቀቀውን ሚሞሪ ሌላው ቢያነበው ፕሮግራሙ ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ይቀጥላል። ያነበበው ትክክል ሊመስል ይችላል፤ ከሳምንት በኋላ በሌላ ቦታ ይሰበራል። መሣሪያዎቹ ይህን ዝምታ ለመስበር የተሠሩ ናቸው። ጁሊያን ሲዋርድ የጀመረው ቫልግሪንድ እ.ኤ.አ. በ2002 የመጀመሪያ ዕትሙ ወጣ። ጉግል ውስጥ እነ ኮንስታንቲን ሴሬብርያኒና ዲሚትሪ ቭዩኮቭ አድረስ ሳኒታይዘርንና ትሬድ ሳኒታይዘርን ሠሩ። ዛሬ ሁለቱም ጂሲሲና ክላንግ በተባሉት ኮምፓይለሮች ውስጥ አብረው ስለሚመጡ እንፍራንዝ ላለችው ልጅም ካሊፎርኒያ ላለው መሐንዲስም እኩል ነፃ ናቸው።

ነፃ የሆኑት በፈቃድ ነው እንጂ በሚሞሪና በጊዜ አይደለም። አድረስ ሳኒታይዘር ለእያንዳንዱ 8 ባይት የፕሮግራሙ ሚሞሪ አንድ ባይት የጥላ መዝገብ ይይዛል፤ በየዕቃው ዙሪያም የተከለከለ አጥር ያስቀምጣል፤ ፍጥነቱን ወደ ግማሽ ያወርዳል። በየትሬዱ ስታክ፣ ማለትም በጊዜያዊ የሥራ ቦታው ላይ ያሉ ዕቃዎችም አጥር ስለሚታጠርላቸው ስታኩ ይሰፋል። ትሬድ ሳኒታይዘር ይብሳል፤ የራሱ መመሪያ ሚሞሪ ከ5 እስከ 10 እጥፍ፣ ጊዜ ከ5 እስከ 15 እጥፍ ሊጨምር እንደሚችል ያስታውቃል። ቫልግሪንድ ደግሞ መምቼክ በተባለው መርማሪው ፕሮግራሙን ከ20 እስከ 30 እጥፍ ያዘገያል።

አሁን ሺውን ትሬድ በእነዚህ ቁጥሮች ላይ ጫኑበት። ሊኑክስ ላይ ለአንድ ትሬድ በተለምዶ የሚመደበው የስታክ ቦታ 8 ሜጋባይት ነው። ሺህ ትሬድ ወደ 8 ጊጋባይት የአድራሻ ቦታ ይይዛል ማለት ነው። ይህ ገና የአድራሻ ቦታ እንጂ እውነተኛ ራም አይደለም፤ ትሬዱ የነካው የሚሞሪ ገጽ ብቻ ነው ራም የሚበላው። ስለዚህ ያለ መሣሪያ ሺህ ትሬድ ምንም አይመስልም፤ በጥቂት ሴኮንድ ያልቃል። መሣሪያው ሲገባ ግን የሚነካው ገጽ ይበዛል፤ በላዩ የጥላው መዝገብ ይጨመራል፤ ለእያንዳንዱ ትሬድ መሣሪያው ራሱ የሚይዘው ማኅደር አለ። ላፕቶፑ ላይ ብራውዘርና ኤዲተር ተከፍተው 8 ጊጋባይት ምን ያህል እንደሚቀረው መገመት አያቅትም። ባትሪው ሲሟጠጥ በዓይን ይታያል።

ሚሞሪው ባያልቅስ? ቫልግሪንድን እንመልከት። ቫልግሪንድ የፕሮግራሙን ትሬዶች በአንድ ትልቅ ሎክ ያስራቸዋል፤ በማንኛውም ቅጽበት አንድ ትሬድ ብቻ ይሮጣል። ማሽኑ 4 ኮር ይኑረው 64፣ ለውጥ የለውም። በአንዲት ታንኳ ወንዝ ለመሻገር ሺህ ሰው ዳር ላይ ቢሰለፍ ታንኳዋ በአንድ ጊዜ የምትወስደው ያንኑ አንድ ሰው ነው፤ የሚረዝመው ሰልፉ ብቻ ነው። በላዩ ላይ አንዳንድ ፕሮግራሞች ሎክ እስኪለቀቅ በዙር እየዞሩ ይጠብቃሉ። ሎኩን የያዘው ትሬድ ተራ ሳይደርሰው፣ የሚጠብቁት ተራ በተራ እየገቡ የተሰጣቸውን ጊዜ በባዶ ዙር ይጨርሱታል። አንድ ተራ እስከ 100,000 የኮድ ቁራጮች የሚያስኬድ ስለሆነ፣ ጠባቂው በበዛ ቁጥር ብክነቱ በዚያው ልክ ያብጣል። ቴስቱ አልሞተም፤ ግን አያልቅም። ቫልግሪንድ ራሱ የትሬድ ጣሪያውን በ500 አድርጎ የሚመጣው፣ ሲያልፍም ጣሪያው አነሰ ብሎ የሚቆመው በከንቱ አይደለም። ልጅቷ ያን መልእክት አይታ ጣሪያውን ወደ ሺህ ከፍ አድርጋዋለች። ኋላ አድረስ ሳኒታይዘርን ሞክራ ነው «ኪልድ» የመጣባት።

ትሬድ ሳኒታይዘር ደግሞ የሚከብደው በሌላ በኩል ነው። የሚሠራበት ሐሳብ ሌስሊ ላምፖርት እ.ኤ.አ. በ1978 ያስቀመጠው ነው፦ የትኛው ድርጊት ከየትኛው በፊት እንደሆነ ማወቅ። ሁለት ትሬዶች አንድ ቦታ ነክተው፣ ቢያንስ አንዱ ቢጽፍ፣ በመካከላቸውም ቅደም ተከተል የሚያበጅ ሎክ ወይም ሌላ ማስተሳሰሪያ ከሌለ ሬስ ነው። ይህን ለማወቅ የተለመደው መንገድ እያንዳንዱ ትሬድ ስለ ሌሎቹ ትሬዶች ሁሉ አንዳንድ ቁጥር እንዲይዝ ማድረግ ነው። አራት ትሬድ ቢኖር 16 ቁጥር ነው። ሺህ ቢኖር አንድ ሚሊዮን ይሆናል። ሎክ በተያዘና በተለቀቀ ቁጥር እነዚህ ቁጥሮች መመሳከር አለባቸው። መሣሪያውም ለረጅም ጊዜ 8128 ትሬድ ላይ «ጣሪያው ታለፈ» ብሎ ይሞት ነበር። የጎ ቋንቋ ተጠቃሚዎችም በሬስ መርማሪው ሲሮጡ በአንድ ጊዜ በሕይወት ያለ ጎሩቲን (የጎ ቀላል ትሬድ) ከ8128 ካለፈ ፕሮግራማቸው ይቆም እንደነበር ያውቁታል፤ ያ መርማሪ የተሠራው በዚሁ በትሬድ ሳኒታይዘር ላይ ነው። ጎ ላይ ጎሩቲን መክፈት አንዲት ቃል መጻፍ ስለሆነ፣ ቴስት ውስጥ አሥር ሺህ ጎሩቲን የሚፈታ ሰው ብዙ ነው።

እስካሁን የተናገርኩት ስለ ወጪ ነው። ወጪው ቢቻል እንኳ ሺው ትሬድ ጥሩ ፈታሽ አለመሆኑ ግን ይበልጥ ያሳስበኛል።

ባለ 4 ኮር ማሽን ላይ በእውነት በአንድ ቅጽበት የሚሮጡት አራት ናቸው፤ ኮሩ ሁለት ሁለት የሚያስኬድ ከሆነ ስምንት። ሌሎቹ ተራ ይጠብቃሉ። ከዚህም የከፋ አለ። ልጅቷ የጻፈችው ቴስት እንደ ብዙዎቹ በዙር ውስጥ ትሬድ ይከፍታል፤ ትሬዱ አንድ መልእክት ወደ ሰልፉ ያስገባል፤ ያልቃል። ትሬድ መክፈት ራሱ ጊዜ ይወስዳል፤ ሥራው ደግሞ ከመክፈቻው ያጠረ ነው። ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ተከፍቶ ሳያልቅ የመጀመሪያው ሥራውን ጨርሶ ሄዷል። በመሣሪያ ሥር መክፈቻው ይበልጥ ስለሚከብድ በመካከላቸው ያለው ርቀት ይሰፋል። በወረቀት ሺህ ትሬድ ተፋጧል፤ በተግባር ግን አንዱ ከሌላው ጋር ሳይተያይ በሰልፍ አልፏል። ቴስቱ አረንጓዴ ያበራል፤ ያረጋገጠው ግን ነገር የለም።

አድረስ ሳኒታይዘር ደግሞ የተለቀቀ ሚሞሪን ወዲያው ለሌላ አይሰጥም። ዘግይቶ የሚነካው ካለ እንዲያዝ ብሎ በማቆያ ያስቀምጠዋል፤ የማቆያው መጠን በተለምዶ 256 ሜጋባይት ነው። ሲሞላ የቆዩት ይወጡና ለአዲስ ጠያቂ ይሰጣሉ። ሺህ ትሬድ እየመደበና እየለቀቀ ማቆያውን ሲያጥለቀልቀው፣ ተራ ሳይደርሰው የቆየው ጥፋተኛ ትሬድ ሲመለስ ሚሞሪው ቀድሞ ከማቆያ ወጥቶ ሌላ ባለቤት አግኝቷል። መሣሪያው የሚያየው ሕጋዊ ንባብ ነው። ሕዝቡ ሌባውን ሸሸገው።

በዚህ ላይ ጥናትም አለ። እ.ኤ.አ. በ2008 ሻን ሉና ባልደረቦቿ ከማይ ኤስ ኪው ኤል፣ ከአፓቺ፣ ከሞዚላና ከኦፕን ኦፊስ 105 እውነተኛ የትሬድ ስሕተቶችን ሰብስበው አንድ በአንድ መረመሩ። ከመቶ 96ቱ በሁለት ትሬዶች መካከል የተወሰነ ቅደም ተከተል ከተያዘ በእርግጠኝነት የሚከሠቱ ሆነው ተገኙ። ሁለት ትሬዶች! ሺህ ሰው ሰብስቦ የሁለት ሰዎችን ጠብ መጠበቅ ነው የያዝነው። ከሁለት ዓመት በኋላ የማይክሮሶፍት ተመራማሪዎች የትሬዶችን ቅደም ተከተል በዕጣ የሚወስን መፈተሻ አቀረቡ፤ ስሕተቱን በአንድ ሩጫ የማግኘት ዕድሉ ቢያንስ ስንት እንደሚሆን የሚናገር ቀመርም አስቀመጡ። በቀመሩ ውስጥ የትሬዶቹ ብዛት ያለው ከታች፣ በአካፋዩ በኩል ነው። ትሬድ ሲጨመር ዋስትናው ይቀንሳል ማለት ነው።

ወደ እንፍራንዟ ክፍል እንመለስ። ሎኮቹን አልነካናቸውም፤ የለወጥነው ቴስቱን ነው። ሺህ ጊዜ ትሬድ መክፈቱ ቀረ። አራት ትሬዶች መጀመሪያ ላይ አንዴ ይከፈታሉ፤ አራቱም እስኪሰበሰቡ በአንድ መነሻ መስመር ላይ ይቆማሉ፤ ከዚያ አብረው ይለቀቃሉ፤ እያንዳንዱ 250 ዙር ይሠራል። የመልእክቱ ጠቅላላ ቁጥር ያው ሺህ ነው። በየዙሩ መካከልም አንዳንዴ የምትመጣ፣ ርዝመቷ በዕጣ የሚወሰን ትንሽ መዘግየት ገባች። ልጅቷ አልተዋጠላትም ነበር። «ጋሼ፣ ይሄማ ማለስለስ አይሆንም?» አለች። ጥያቄው ተገቢ ነው። ዕድሉ የሚገኘው አራቱ ትሬዶች ከመጀመሪያው ዙር እስከ መጨረሻው አብረው በመቆየታቸው ነው፤ በየዙሩ ለመጋጨት ይቀራረባሉ።

አስኬደችው። ቀይ ጽሑፍ ወጣ። አድረስ ሳኒታይዘር ሪፖርቱን በሦስት ክፍል ነው የሚጽፈው፦ ትሬድ 3 ስምንት ባይት ከዚህ አድራሻ አነበበ፤ ይህን ሚሞሪ ትሬድ 1 እዚህ መስመር ላይ ለቆት ነበር፤ መጀመሪያ የመደበው ትሬድ 0 እዚህ ነው። በየክፍሉ ሥር የፋይሉ ስምና የመስመሩ ቁጥር አለ። መልእክቱን ከሰልፉ ያወጣው ትሬድ ሥራውን ጨርሶ ሚሞሪውን ሲለቅ፣ የሰልፉን ርዝመት የሚቆጥረው ሌላ ትሬድ ያለ ሎክ በዚያው መልእክት ላይ እየተራመደ ነበር። ቆጠራው ለስታቲስቲክስ ብቻ ነው ተብሎ ሎክ ያልተደረገለት ተግባር ነው። ልጅቷ ሦስቱን መስመሮች ጎን ለጎን ከፍታ በጣቷ እየተከተለች አነበበች፤ ሎኩ የት እንደሚገባ ለመናገር ማንም አላስፈለጋትም። ሪፖርቱ ለመነበብ የተመቸውም ትሬዶቹ አራት ስለሆኑ ነው። ትሬድ 847 እና ትሬድ 312 ቢል ኖሮ የትኛው ምን ሲሠራ እንደነበር ለማስታወስ ግማሽ ቀን ይሄድ ነበር።

ብዙ ትሬድ የሚፈልግ ስሕተት ፈጽሞ የለም ለማለት አልደፍርም። አለ። ለ256 ትሬድ ብቻ ቦታ ያለው ሰንጠረዥ 257ኛው ሲመጣ ይሰበራል። ተራ ሳያገኝ በረሃብ የሚሞት ትሬድ የሚታየው ሰልፍ ሲረዝም ነው። የሲስተሙ ጣሪያ ሲደረስ ፒትሬድ ክሪኤት የተባለው የትሬድ መክፈቻ ትሬድ አልከፍትም ብሎ ይመልሳል፤ ያን መልስ የማይመለከት ፕሮግራም ብዙ ነው። እነዚህ መፈተሽ አለባቸው፤ ግን መሣሪያ ሳይጫን፣ በተለየ ቴስት፣ ማሽኑ ሌላ ሥራ በሌለው ሰዓት። ሺው ትሬድ ያለ መሣሪያ ሌሊት ይሩጥ፤ አራቱ ትሬድ ኮድ በተቀየረ ቁጥር በመሣሪያ ሥር ይሩጡ። ሁለቱን በአንድ ሩጫ ለመጨረስ መሞከር ነው ሁለቱንም የሚያሳጣው።

የትሬዱ ጣሪያ ወደ ቴስቱ እንዴት እንደሚገባም ለውጥ ያመጣል። አንዳንዱ በቴስቱ ውስጥ ቁጥሩን በጭፍን ከሺህ ወደ አራት ይቀይርና ያልፋል፤ ያኔ የሌሊቱ ሩጫም አብሮ ይቀንሳል። አንዳንዱ ቴስቱን በመሣሪያ ሥር ጨርሶ ይዘጋዋል፤ በጣም የሚፈለገውን ፍተሻ በገዛ እጅ መጣል ነው። የተሻለው ፕሮግራሙ መሣሪያ ሥር መሆኑን ራሱ እንዲያውቅ ማድረግ ነው። ቫልግሪንድ ለዚህ ራኒንግ ኦን ቫልግሪንድ የሚባል መጠይቅ አለው፤ ጂሲሲ በሳኒታይዘር ሲገነባ ሳኒታይዝ አድረስ ወይም ሳኒታይዝ ትሬድ የሚሉ ምልክቶችን ይተክላል፤ ክላንግም የራሱ መጠየቂያ አለው፤ ጎ ሬስ የሚል የግንባታ መለያ አለው። አንዲት ትንሽ ተግባር እነዚህን ጠይቃ የትሬዱን ቁጥር ትመልሳለች፤ ሁሉም ስትረስ ቴስት ከእሷ ይቀበላል። ትሬዱ ሲቀንስ የዙሩ ቁጥር በዚያው ልክ ይጨምር። የተከፈተ ትሬድ ሁሉ ማለቁን በሚጠብቀው ጆይን ይዘጋ፤ አልቆ ያልተዘጋ ትሬድ ማኅደሩ ከመሣሪያው ጋር ይቀራል፤ ትሬድ ሳኒታይዘርም የትሬድ ፍሳሽ ብሎ ይከሳል።

የኮሩን ቁጥር ጠይቆ በዚያው ልክ መክፈት ብዙዎች የሚመርጡት ነው፤ እኔ ግን ከታች ሁለት፣ ከላይ ስምንት የሚል አጥር ይኑረው እላለሁ። በኮንቴይነር ውስጥ ያለ ፕሮግራም አንዳንዴ የሚያየው የአስተናጋጁን ማሽን ኮር ሁሉ ነው፤ የተፈቀደለት ግን ሁለት ሊሆን ይችላል። 64 ኮር አለ ተብሎ 64 ትሬድ በቫልግሪንድ ሥር ይከፈታል፤ ወደ መጀመሪያው ችግር እንመለሳለን። ባለ አንድ ኮር ማሽን ላይ ደግሞ አንድ ትሬድ ብቻ ከፍቶ የትሬድ ቴስት ነው ማለት ከንቱ ነው።

ትሬድ መክፈት አለመቻል ሲያጋጥም ቴስቱ «ወድቋል» ማለት የለበትም፤ «አልፏል» ማለትም የለበትም። ሊኑክስ የሚመልሰው መልስ ለጊዜው አቅም የለም የሚል ነው፤ ሲ ፕላስ ፕላስ ላይ ይህ መልስ ስህተት ሆኖ ይወረወርና ማንም ካልያዘው ፕሮግራሙን ይዞ ይወድቃል። ያን ያየ ሰው የሰልፉ ኮድ ተበላሸ ብሎ ይሮጣል። ቴስቱ የተከፈቱትን ትሬዶች ይዞ ይቀጥል፤ ከሁለት ካነሱ ግን አልተፈተሸም ብሎ ይመዝገብ።

ልጅቷ የጨመረችው የመጨረሻ ነገር አንድ የህትመት መስመር ነው። ቴስቱ ሲጀምር በየትኛው መሣሪያ ሥር እንዳለ፣ ስንት ትሬድ እንደከፈተ፣ ስንት ዙር እንደሚሠራ፣ ዕጣው የተነሣበት ቁጥር ስንት እንደሆነ ይጽፋል። በዚያ ቁጥር ዳግመኛ ሲነሣ የመዘግየቶቹ ርዝመት ያው ይሆናል፤ የትሬዶቹን ተራ የሚወስነው ሊኑክስ ስለሆነ ስሕተቱ በመጀመሪያው ሩጫ ላይመጣ ይችላል፤ ግን ፍለጋው ከዜሮ አይጀምርም። አዲስ አበባ ያለ ባልደረባዋ ያን መስመር በቴሌግራም ተቀብሎ በራሱ ማሽን ላይ በዚያው ቁጥር አስነሣው፤ ያንኑ ሦስት ክፍል ሪፖርት አየ፤ ሎኩን የሚጨምረውን ለውጥ የጻፈውም እሱ ነው።